ከተራረፈ ክር የኪሮሽ ብርድ ልብስ ስትሰሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቁም ሳጥኔ ስር አንድ ከረጢት አለ። ከሹራብ የተረፈ ክር፣ ከኮፍያ የተረፈ፣ ለምን እንደገዛሁት የማላስታውሰው፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። የመጀመሪያዬን የኪሮሽ ብርድ ልብስ የጀመርኩት ከዚያ ከረጢት ነው። እቅድ የሚባል ነገር አልነበረኝም። የተራረፈ ክር ደግሞ ምን እቅድ ይፈልጋል? እጄ የገባውን ቀለም እያነሳሁ ካሬ ሰራሁ፤ የእያንዳንዱን የመጨረሻ ዙር ግን በክሬም ቀለም ዘጋሁ። ሰባ ምናምነኛው ካሬ ላይ ክሬሙ አለቀ። አምሳያውን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ያ ብርድ ልብስ ዛሬ ከፊሉ የትራስ ልብስ ነው። ቀሪው ወደ ከረጢቱ ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ የጨረስኳቸው አሉ። እያንዳንዱ ግን የየራሱን ጉድ አሳይቶኛል።

የማወራው ግራኒ ስኩዌር ስለሚባለው ካሬ ነው። ከመሃል ተነስቶ በዙር በዙር ይሰፋል። ረጃጅም ጥልፎች ሶስት ሶስት ሆነው አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ይህንን ዘለላ እለዋለሁ። ማዕዘኑ ላይ ሁለት ዘለላ ይቀመጣል፣ በመሃላቸው ሰንሰለት ይገባል። ለትርፍራፊ ክር እንደ እሱ የተመቸ የለም። የመጀመሪያው ዙር የሚበላው ጥቂት ሜትር ክር ብቻ ስለሆነ ለሌላ ነገር የማይበቃው ቁራጭ ሁሉ ስራ ያገኛል።

የመዝጊያውን ክር ሳይመዝኑ መጀመር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እስቲ ዘለላ እንቁጠር። የመጀመሪያው ዙር 4 ዘለላ አለው። ሁለተኛው 8፣ ሶስተኛው 12፣ አራተኛው 16። ሲደመር 40 ነው። አራት ዙር ባለው ካሬ ላይ ከጠቅላላው ክር 40 በመቶ ያህሉን የመጨረሻው ዙር ብቻውን ይወስደዋል ማለት ነው። ስንሰራ ግን እንዲህ አይመስለንም። አራት ዙር ስለሆነ እያንዳንዱ ሩብ ሩቡን የሚወስድ ይመስለናል። እኔን ያሳተኝም ይሄው ነው።

አሁን ወደ ብርድ ልብሱ እንምጣ። 12 ሴንቲሜትር የሆነ ካሬ፣ ወደ ጎን 10 ወደ ታች 12 ብናደርገው 120 ካሬ ይሆናል። ስፋቱ 120፣ ርዝመቱ 144 ሴንቲሜትር። የእኔ ካሬ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ወደ 10 ግራም ይመዝናል፤ የእናንተ እንደ ክሩና እንደ እጃችሁ ይለያያል። 120 ካሬ 1200 ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ 480 ግራሙ አራተኛው ዙር ነው። ማገጣጠሚያውና ጠርዙ ገና አልተቆጠረም። እኔ የመዝጊያው ቀለም 700 ግራም ካልሞላ አሁን አሁን አልጀምርም።

እንግዲህ በከረጢት ውስጥ 700 ግራም የአንድ ቀለም ክር ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሁሉም ካሬ በአንድ ቀለም እንዲዘጋ ከፈለጋችሁ ያ ቀለም ከትርፍራፊ አይመጣም። በአዲስ ይገዛል፣ ያውም በአንድ ጊዜ። የክሩ መጠቅለያ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የማቅለሚያ ዙሩን የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። በተለያየ ጊዜ የተቀለመ ክር ለየብቻ ሲታይ አንድ ይመስላል። ጎን ለጎን ሲሰፋ ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

መግዛት ካልፈለጋችሁም መንገድ አለ። የመጨረሻውን ዙር እንደ ተገኘ በተለያየ ቀለም ዝጉና ለማገጣጠሚያው ብቻ አንድ ቀለም ያዙ። ወይም ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ግራጫና ሰማያዊ ሁሉ ለብቻ ለይታችሁ መዝጊያው በዚያ ቤተሰብ ውስጥ እንዲሽከረከር አድርጉ። ዋናው ነገር ውሳኔው ከመጀመሪያው ካሬ በፊት መሆኑ ነው።

ቀጭኑንና ወፍራሙን መደባለቅ

በእጅ ሲያዝ ተመሳሳይ የሚመስል ክር ካሬ ሲሆን ይለያል። አንዱ 11፣ አንዱ 13 ሴንቲሜትር ይወጣል። አንድ ካሬ ውስጥ ሲደባለቁ ደግሞ ካሬው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይጎብጣል።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ሁለቱን ክሮች መንጠቆና መንጠቆ እንደሚያያዝ እርስ በርስ አያይዙና ከአንዱ ወደ ሌላው ጣታችሁን አንሸራትቱ። መጋጠሚያውን ስታልፉ ክሩ ድንገት ከቀጠነ ወይም ከወፈረ አይሆንም። መጠቅለያው ካልጠፋ ደግሞ የሚመከረው የኪሮሽ ቁጥር ተጽፎበታል። 4 ሚሊሜትር የሚለውን ከ4 ጋር፣ 5 የሚለውን ከ5 ጋር አስቀምጡ።

ብዙ ሰው ቀጭን ክር ሲገጥመው ትልቅ ኪሮሽ ያነሳል። መጠኑ ይስተካከላል፣ እውነት ነው። ካሬው ግን መረብ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ደርባችሁ እንደ አንድ ስሩባቸው። ሁለት የተለያየ ቀለም ከደረባችሁ የሚወጣው ዝንጉርጉር በጣም ያምራል፤ እኔ አንዳንዴ ሳያስፈልግ ሁላ አደርገዋለሁ።

ክሩ ከምን እንደተሰራ አለመጠየቅ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው አንድ ዓይነት ድር ቢሆን ነው። ሱፍ፣ ጥጥና አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሰራሽ ክር አንድ ብርድ ልብስ ላይ ሲገናኙ እስከ መጀመሪያው እጥበት ድረስ ይስማማሉ። ከዚያ ሱፉ በሙቅ ውሃና በመታሸት ይጠጥራል፣ ይኮማተራል። አክሪሊኩ እንደነበረ ይቆያል። መሃል ላይ የተኮማተረ ካሬ ዙሪያውን ያሉትን ሁሉ ጎትቶ ያጨማድዳል። ማሽን እንዲችል ተደርጎ የተዘጋጀ ሱፍ አለ፤ መጠቅለያው ላይ ካልተጻፈ ግን አትመኑት። ጥጥ ሌላ ጣጣ አለው። ከባድ ነው፤ ሙሉ ብርድ ልብስ በጥጥ ስትሰሩ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይለጠጣል።

መጠቅለያው የጠፋውን ክር እሳት ይለየዋል። አጭር ቁራጭ በብረት መቆንጠጫ ይዛችሁ፣ የእቃ ማጠቢያ ገንዳ ላይ፣ አጠገባችሁ ውሃ አድርጋችሁ ለኩሱት። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ይቀራል። የቀለጠው ቆዳ ላይ ከተንጠባጠበ ክፉኛ ያቃጥላልና ጣታችሁን አርቁ።

ደማቅ ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ደግሞ ለቀለም ፈትሹት። እርጥብ ነጭ ጨርቅ መሃል አስገብታችሁ ጨመቅ አድርጉትና ተዉት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያ ክር ነጭ ካሬ አጠገብ አይቀመጥም።

የክሩን ጭራ ለኋላ ማቆየት

120 ካሬ፣ በእያንዳንዱ አራት ቀለም፣ በእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ጫፍ። 960 ጭራ! ብዙ ብርድ ልብስ ሳይጨረስ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ካሬው ተሰርቶ አልቋል፣ ክምሩ ግን ጢም አውጥቶ ያፈጥባችኋል። ማን ይነካዋል?

አንዳንዱ ጭራውን ቋጥሮ ጥግ ላይ ይቆርጠዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይሄኔ ነው። ቋጠሮ በተለይ በሚያንሸራትት አክሪሊክ ላይ በእጥበት ይፈታል። ባይፈታ እንኳ ከጀርባ ሾልኮ ከፊት ብቅ ይላል። አጭር የተቆረጠ ጭራ አንዴ ካመለጠ ደግሞ መልሶ የሚያዝበት መላ የለም። የአንድ ካሬ መሃል ተተርትሮ ቀዳዳ ሲሆን አይቻለሁ፤ ብርድ ልብሱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ጭራውን 15 ሴንቲሜትር ያህል ተዉት። ጫፉ ደነዝ በሆነ ትልቅ መርፌ በራሱ ቀለም ዘለላዎች ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ አስገቡት፣ መልሱት፣ እንደገና በመጀመሪያው አቅጣጫ አስኪዱት። ሶስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሄደ ጭራ በቀላሉ አይወጣም። ከዚያ ካሬውን በሁሉም በኩል ወጠር ወጠር አድርጋችሁ ብቻ ቁረጡት። ሳትወጥሩ ከቆረጣችሁት በኋላ ካሬው ሲለጠጥ ጫፉ ብቅ ይላል።

ልማዱ ግን ከዘዴው ይበልጣል። አንድ ካሬ ሳይጸዳ ሌላ አልጀምርም የሚል ሕግ አውጡ። እኔ መጀመሪያ ላይ አምስት አምስት እያጠራቀምኩ ነበር። አምስት አስር ሆነ፣ አስሩ አርባ ሆነ፣ አርባው ከረጢት ገባ።

የንድፉን ቋንቋ ሳያረጋግጡ መከተል

ንድፍ የምለው በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የአሰራር መመሪያ ነው። በአሜሪካ አጠራር ደብል ክሮሼ የሚባለው ጥልፍ በእንግሊዝ ትሬብል ይባላል። የእንግሊዙ ደብል ደግሞ የአሜሪካው ሲንግል ነው፣ ቁመቱ ግማሽ ያህል። ስሙ አንድ፣ ጥልፉ ሌላ። ካሬያችሁ ከፎቶው ይልቅ ትንሽና ድፍን ከሆነ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። ንድፉ ውስጥ ሲንግል የሚል ቃል ካለ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካዊ ነው።

በአንድ ፊት ብቻ መዞር

በኪሮሽ የተሰራ ጥልፍ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ትንሽ ወደ ጎን ይዘማል። ሁሌም በአንድ ፊት ከዞራችሁ ዘመሙ እየተጠራቀመ ካሬው ጠመም ይላል። በየዙሩ ካሬውን ገልብጣችሁ ስሩት፣ ይስተካከላል። በቃ።

ቀለሙን ለእድል መተው

ዓይኔን ጨፍኜ ከከረጢቱ ያወጣሁትን እሰራለሁ የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። እድል ሁሉንም ቀይ አንድ ጥግ ላይ ይሰበስበዋል።

ብዙዎቻችን ስለ ቀለም ስናስብ ቀይ ከአረንጓዴ ይሄዳል ወይስ አይሄድም እያልን እንጨነቃለን። በእኔ እምነት ትርፍራፊ ብርድ ልብስ ላይ የሚበልጠው ድምቀትና ጥቁረት ነው። አንድ ካሬ ውስጥ ያሉት ቀለሞች ሁሉ እኩል ከጠቆሩ ዙሮቹ ከሩቅ አይለዩም፤ ካሬው አንድ ደብዛዛ ነገር ይሆናል። ክሮቹን ደርድራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ያኔ ሐምራዊውና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ስታዩ ትገረማላችሁ። በየካሬው ቢያንስ አንድ ፈዘዝ ያለና አንድ ጠቆር ያለ ይግባ።

ሁሉም ካሬ ሲያልቅ መሬት ላይ ዘርጉት። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው እንዳይጎራበቱ አቀያይሩ፣ ራቅ ብላችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ እያንዳንዱን ረድፍ በቅደም ተከተል ደራርባችሁ በአንድ ክር አስሩትና ቁጥር ጻፉበት። ልጅ ወይም ድመት ያለበት ቤት ከሆነ ይህንን ነገ አደርገዋለሁ አትበሉ።

ሳይወጥሩ ማገጣጠም

እጃችን እንደ ቀኑ ይጠብቃል፣ ይላላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ካሬና መቶኛው እኩል አይሆኑም። ሱፍና ጥጡን አርጥባችሁ፣ ለስላሳ ነገር ላይ በማይዝግ ስፒል በ12 ሴንቲሜትር ልክ ወጥራችሁ አድርቁት። አክሪሊክ በውሃ ብቻ እምብዛም አይታዘዝም፤ ከሩቅ ቀለል ያለ እንፋሎት ይበቃዋል። ካውያ ግን አይንካው! ሙቀቱ ከበዛ ክሩ ይተኛል፣ ያብለጨልጫል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ የሆነውን ካሬ በመወጠር አትለማመጡት። የመጨረሻውን ዙር ተርትሩና በሌላ ቁጥር ኪሮሽ ድገሙት።

ስታገጣጥሙ ደግሞ ክሩን አታጥብቁ። መጀመሪያ አግድሙን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ጨርሱ፣ ከዚያ ቁልቁሉን። ጥልፍ ከጥልፍ ጋር እየቆጠራችሁ ከሄዳችሁ ማዕዘኖቹ ራሳቸው ይገናኛሉ።

ጠርዙን ሳይቆጥሩ መዞር

ጥልፍ ከበዛበት ጠርዙ ይሞግዳል። ካነሰው ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ሁለት ካሬ የሚገናኙበት ቦታ በተለይ አታላይ ነው፤ እዚያ የሁለቱም ማዕዘን ቀዳዳ ስላለ ሳናውቀው ጥልፍ እንጨምራለን። የመጀመሪያውን ጎን ስትጨርሱ ቆም በሉና በየካሬው ስንት ጥልፍ እንዳስገባችሁ ቁጠሩ፣ ሌሎቹንም ጎኖች በዚያው ልክ ስሩ። አንድ ዙር እንዳለቀ ብርድ ልብሱን መሬት ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ከሞገደ ያኔውኑ ተርትሩት። እኔ አንዴ ሶስት ዙር ከሰራሁ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ሲታጠብ ይተኛል ብዬ ተውኩት። አልተኛም። ዳሩ እስከ ዛሬ የሰላጣ ቅጠል ይመስላል።