በክረምት በሐረማያ ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት ለምትሄዱ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ፣ ደርቆ በኖረባቸው ዓመታት አዝነን ያለፍንበት ቦታ ቢሆንም፣ ውኃው ከተመለሰ ወዲህ ወፍ ለሚወድ ሰው የአንድ ማለዳ ጉዞ የሚገባው ሆኗል። ብዙዎች ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱት ወፎች እስኪመጡ መስከረምን ይጠብቃሉ፤ እኔ ግን ሐምሌና ነሐሴን አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም ነዋሪዎቹ ወፎች ጎጆ ሠርተው የሚዋለዱት በአመዛኙ በዝናቡ ወራት ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ቁሙ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለምትሆን የላባው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በምዕራቡ ዳር ከቆማችሁ ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ታያላችሁ። ለባይኖኩላር 8 በ42 የተባለው መጠን ይበቃል፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፊት መስታወቱም ለደመናማ ማለዳ በቂ ብርሃን ያስገባል።

ጎጆ የሚሠሩትን ቢጫ ወፎች ካገኛችሁ አትቸኩሉ። ወንዱ የሣር ዘለላ በማንቁሩ እየሰነጠቀና እየቋጠረ ጎጆውን ከሠራ በኋላ፣ ከሥሩ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፤ እርሷም ገብታ ፈትሻ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ይህን ለማየት ቢያንስ 20 እርምጃ ርቃችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ነጭ ልብስ አትልበሱ። በዳሩ ያለው ማሳ የገበሬ ስለሆነም ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ።