ስድስት ሰዓት የሚያሳስቱ ሰዓቶች፦ በሊነክስ ዴስክቶፕ ላይ የብዙ አገር ሰዓት ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 8:00 ይላል። ሪያድ ያለው ዘመድ ሰዓትም 8:00 ነው፤ ዱባይ 9:00፣ ዋሽንግተን ደግሞ እንደ ወቅቱ ገና እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ 1 ሰዓት ያለፈ ነው። ለሪያድ የተለየ ሰዓት ማውጣት አያስፈልግም ማለት ነው። የሚለየው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨውም የአገር ልዩነትንና የአቆጣጠር ልዩነትን ከማደባለቅ ነው።

ሲስተሙን ወደ እኛ አቆጣጠር መጎተት

«2 ሰዓት» የሚል ሰዓት ለማየት ሲሉ ኮምፒውተሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ አሉ። ሰዓቱን ራሱን ከመለሱት አካውንት ሲገቡ የሚጠየቁት፣ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀየረው የማረጋገጫ ኮድ አይሠራም፤ ፋይሎችም በተሳሳተ ሰዓት ይመዘገባሉ። ታይም ዞኑን (የየትኛው አገር ሰዓት እንደሚታይ የሚወስነውን ማስተካከያ) ብቻ ከቀየሩ ኮዱ ይሠራል፣ ነገር ግን ካላንደር ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር «8:00» ብለው የያዙት ቀጠሮ ለተጋበዘው ሰው 6 ሰዓት ተዛብቶ ይደርሰዋል።

ትክክለኛው መንገድ ሲስተሙን አፍሪካ/አዲስ አበባ ላይ ትቶ ሁለተኛ ሰዓት መጨመር ነው። ደብረ ብርሃን፣ ፍቼ ወይም ሸዋ ሮቢት በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ አይፈልጓቸው፤ አገሩ በሙሉ በአዲስ አበባ ስም ነው የሚገባው። ለሁለተኛው ሰዓት ቦነስ አይረስን ይምረጡ። አርጀንቲና ከእኛ በትክክል 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ሰዓቷንም በየወቅቱ አትቀያይርም። በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲያዩት ቁጥሩ የእኛው ሰዓት ይሆናል፤ «ኤኤም» ቀን፣ «ፒኤም» ሌሊት ማለት ይሆናል። ቀኑም የሚቀየረው እንደ ጥንቱ ልማድ ጎህ ሲቀድ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ከተማ የለም። ቶኪዮን የሚመርጡም አሉ፤ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ግን ቀንና ሌሊቱ ይገለበጣል።

«ጂኤምቲ+3»ን ማመን

ይህ ወጥመድ ብዙ ሰው ይይዛል። በታይም ዞን ዝርዝሩ ውስጥ «ኢቲሲ» በሚለው ክፍል ሥር ጂኤምቲ+3 የሚባል አለ። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች (የዓለም ሰዓት መነሻ) 3 ሰዓት ስለምትቀድም ልክ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ክፍል ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ያለው «+»፣ በስተ ምሥራቅ ያለው «−» ይደረግለታል። ስለዚህ ጂኤምቲ+3 ማለት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ ጋር 6 ሰዓት ይለያያል።

ሌላ አገር ቢሆን ስህተቱ ወዲያው ይታይ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ጠዋት ላይ 2:00 ሲያነብ ማን ይጠራጠራል? ሰዓቱ አማርኛ የቻለ ይመስላል፤ የሚጋለጠው የውጭ አገር ስብሰባ ሲያልፍ ነው። የከተማ ስም ባለበት ቦታ ሁሉ የከተማ ስም ይምረጡ።

በአጭር ስም መጻፍ

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ታይም ዞኑን የሚይዘውን ቲዜድ (TZ) የሚለውን ተለዋዋጭ «ኢኤቲ» (የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) ብለው ቢሞሉና ሰዓት ቢጠይቁ ሊነክስ ስህተት ነው አይልም። «ኢኤቲ» የሚለውን ስም ተቀብሎ የግሪንዊችን ሰዓት ይለጥፍበታል፤ 3 ሰዓት ይጎድላል። የከተማ ስም ሲገደፍም እንደዚሁ ነው፦ ያላወቀውን ስም በዝምታ ግሪንዊች ያደርገዋል። አዲስ አበባ በላቲን ሲጻፍ በሁለቱ ቃላት መካከል የሥር መስመር እንጂ ክፍት ቦታ የለም። ለዋሽንግተንም «ኢኤስቲ» (የአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት) አይሆንም፤ እሱ ዓመቱን ሙሉ የክረምታቸውን ሰዓት ብቻ ይዞ ይቆያል። አሜሪካ/ኒው ዮርክ ይሁን።

ልዩነቱን በቃል ይዞ መደመር

እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ከዋሽንግተን ጋር ያለን ልዩነት 8 ሰዓት የነበረው በበጋቸው 7 ይሆናል፤ ከለንደን ጋር 3 የነበረው 2፣ ከጀርመን ጋር 2 የነበረው 1። አሜሪካ የምትቀይረው በመጋቢት (የፈረንጆቹ ማርች) 2ኛ እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ እሑድ ነው፤ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት አንዱ ተቀይሮ ሌላው ገና ይሆናል። «+8» የሚል ቋሚ ቁጥር ፓነሉ (ሰዓቱ ያለበት የዴስክቶፑ አሞሌ) ላይ መለጠፍ ስለዚህ አይሠራም።

የየአገሩን የሰዓት ሕግ የሚይዘው ቲዜድዳታ (tzdata) የሚባለው የሊነክስ ጥቅል ነው። ግብፅ በ2023 የበጋ ሰዓትን መልሳ ስለጀመረች፣ ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ሊነክስ ካይሮን በበጋ 1 ሰዓት አሳንሶ ያሳያል። ጥቅሉን ካደሱ በኋላ ወጥተው እንደገና ይግቡ።

የተጨመረውን ሰዓት የተሳሳተ ቦታ መፈለግ

ግኖም ላይ (የኡቡንቱ ዋና ዴስክቶፕ) ክሎክስ በሚባለው ፕሮግራም «ወርልድ» ገጽ ላይ ከተማ ሲጨምሩ ላይኛው ፓነል ላይ ምንም አይለወጥም። የፓነሉን ሰዓት ሲጫኑ ከካላንደሩ ጋር ይከፈታል። ኬዲኢ ፕላዝማ በሚባለው ዴስክቶፕ ሰዓቱን በቀኝ ተጭነው በማስተካከያው የታይም ዞን ገጽ ከተሞቹን ይምረጡ፤ የሚታዩት ማውሱን ሰዓቱ ላይ ሲያሳርፉ ነው። እዚያው ገጽ ላይ በማውስ ጎማ ከተማ የመቀየሩን አማራጭ ያጥፉት፤ አለዚያ ጎማው ሳያስቡት ዞሮ ፓነሉ የዱባይን ሰዓት እያሳየ ይውላል። ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ለየከተማው አንድ አንድ ሰዓት ፓነሉ ላይ ይጨመራል፤ ፎርማቱን በራስዎ ሲጽፉ ከፊቱ «ዱባይ» ወይም «የኛ» ብለው ስም ይስጡት፣ የሳምንቱን ቀንም ይጨምሩበት። ጠዋት እዚህ ሰኞ ሲሆን ሎስ አንጀለስ ገና እሑድ ማታ ነው።

ሁሉም ሰዓት ሲሳሳት ታይም ዞን መነካካት

አንድ ሰዓት ብቻ ከተሳሳተ ጥፋቱ የዚያ ሰዓት ታይም ዞን ነው። ሁሉም በእኩል ከተዛቡ ግን ከተሞቹን አይንኩ። 3 ሰዓት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ላይ ዊንዶውስም ስላለ ነው፦ ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የአገሩን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊነክስ ያንኑ እንደ ግሪንዊች ያነበዋል። ኢንተርኔት ካለ ይታረማል፤ ሲቋረጥ ስህተቱ እንዳለ ይቆያል። መፍትሔው በዊንዶውስ ሬጅስትሪ (የማስተካከያዎቹ መዝገብ) ታይምዞንኢንፎርሜሽን (TimeZoneInformation) ውስጥ ሪልታይምኢዝዩኒቨርሳል (RealTimeIsUniversal) የሚል ዲወርድ (DWORD) ፈጥሮ 1 መስጠት ነው። ሊነክሱን ለዊንዶውስ ማስገዛት፣ ማለትም የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገሩ ሰዓት እንዲያነበው ማድረግም ይቻላል፤ ሰዓት በማይቀየርበት አገር ጉዳቱ ትንሽ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰና ድረ ገጾች «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያሉ ካልተከፈቱ፣ ያለቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። በአብዛኛው ዴስክቶፕ ላይ ሲአር 2032 ናት፤ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ የ«+» ምልክቱ ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርገው ይተኩ።