እንግሊዝ አገር የዘመድ ልጅ ለምታሳድጉ፦ ስለ ቴራፒው ፈንድ

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ደወለና «ለልጁ ቴራፒ መንግሥት ይከፍላል አሉ፤ ፎርሙን ከየት ላግኘው?» አለኝ። እናንተ የምትሞሉት ፎርም የለም። ይህን መናገር ሰልችቶኛል፤ አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ።

ፈንዱ አለ። የማደጎና የስፔሻል ጋርዲያንሺፕ ድጋፍ ፈንድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ለማደጎ ልጆች ነበር፤ በዓመቱ ስፔሻል ጋርዲያንሺፕ ኦርደር፣ ማለትም ኤስጂኦ (ዘመድ ወይም ሌላ ሰው ልጁን እንዲያሳድግ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ትእዛዝ) ያላቸው ልጆችም ተጨመሩ። የሚሠራው እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ነው። ስኮትላንድና ዌልስ ያላችሁ እዚያው ጠይቁ፤ እኔን አታድክሙኝ። ልጁ እስከ 21 ዓመቱ ይካተታል፤ የልዩ ፍላጎት ፕላን ካለው እስከ 25። በፈንዱ የሚሸፈነው የጨዋታ ቴራፒ፣ የሥዕልና የሙዚቃ ቴራፒ፣ ኢኤምዲአር (ዓይንን እያንቀሳቀሱ የመጥፎ ትዝታን ሕመም የሚያክሙበት ዘዴ)፣ ለአሳዳጊዎች የሚሰጥ ሥልጠናና የመሳሰለው ነው። ለቱተር አይከፍልም።

መጠኑ ድሮ ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 5,000 ፓውንድ ነበር፤ ለልዩ ምርመራ ደግሞ 2,500 ለብቻው ነበረው። የ2025 ማርች ሲያልቅ ፈንዱ ይቀጥል አይቀጥል የሚያውቅ ጠፋ። ኤፕሪል 1 ቀን ይቀጥላል ተባለ። እፎይ ሳንል በሁለት ሳምንት ውስጥ ጣሪያውን ወደ 3,000 አወረዱት፤ ምርመራውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ብዙ የተጎዳ ልጅ ላለው ቤት ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ግን ያለው እሱ ነው።

የሚያመለክተው የካውንስሉ ወይም የአካባቢው የማደጎ ኤጀንሲ ሶሻል ወርከር ነው። የልጁን ፍላጎት ይገመግማል፣ ያመለክታል፣ ሲፈቀድ ካውንስሉ ለቴራፒስቱ ይከፍላል። እናንተ አካውንት ውስጥ የሚገባ ሳንቲም የለም። የእናንተ ሥራ ግምገማ መጠየቅ ነው፤ እሱም በኢሜይል። «ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ» አትበሉኝ። እዚህ አገር በስልክ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው። ለየትኛው ካውንስል? ኤስጂኦው ከወጣ ሦስት ዓመት ካልሞላው፣ ልጁን ቀድሞ በእንክብካቤ ይዞት ለነበረው ካውንስል፤ ከሞላው ደግሞ አሁን ለምትኖሩበት። ከፈቃዱ በፊት ቴራፒስት ቀጥራችሁ ደረሰኝ ብታቀርቡ ግን የሚመልስላችሁ የለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ እኛን ያቃጠለን። ኤስጂኦ ስላላችሁ ብቻ ፈንዱ አይገባችሁም። ልጁ ትእዛዙ ከመውጣቱ በፊት በካውንስል እንክብካቤ ሥር፣ እነሱ ሉክድ አፍተር በሚሉት ሁኔታ መቆየት አለበት። የልጁ እናት፣ የባለቤቴ እህት፣ ታማ ሆስፒታል ስትገባ አርብ ማታ ሶሻል ወርከር ደወለችልን። ዛሬ ካልወሰዳችሁት የማያውቃቸው ሰዎች ቤት ነው የሚያድረው አለች። ማን እምቢ ይላል? ልጁ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ፒጃማውና የጥርስ ብሩሹ በፌስታል ሆኖ መጣ። በሩ ላይ ቆመን አንዲት ገጽ ወረቀት ፈረምን። ወረቀቷ ይህ የቤተሰብ የግል ስምምነት ነው ትላለች። ስምምነቱን ከማን ጋር ነው ያደረግነው? ልጁን ያመጣችው ሶሻል ወርከሯ፣ እናቱን መቼ እንደሚያይ የወሰነችው እሷ።

ኋላ ፍርድ ቤት ሄደን ኤስጂኦ አወጣን። ልጁ ሌሊት እየጮኸ መነሳት፣ ክፍል ውስጥ ወንበር መወርወር ሲጀምር ቴራፒ ጠየቅን። መልሱ «ልጁ እንክብካቤ ሥር አልነበረም፣ ቤተሰብ ነው የተስማማው» ሆነ። አንጀት ያሳርራል። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2007 የይግባኝ ፍርድ ቤት በሳውዝዋርክ ካውንስል ላይ የሰጠው ውሳኔ አለ። ካውንስሉ ልጁን ዘመድ ቤት በማስገባቱ ዋና ሚና ከነበረው፣ ኋላ ተነስቶ የግል ስምምነት ነው ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም፤ የገንዘቡ ኃላፊነት የእናንተ ነው ብሎ ቀድሞ በግልጽ ነግሯችሁ፣ እናንተም ገብቷችሁ ከተስማማችሁ ግን ሌላ ነው። ይህን የነገረን ጠበቃ ነው፤ ካውንስሉም ከብዙ ደብዳቤ በኋላ አመነ። እስከዚያ ልጁ በየጊዜው ከትምህርት ቤት ሲታገድ ከረመ።

ስለዚህ አርብ ማታ ቢሆንም፣ ልጁ በር ላይ ቆሞም ቢሆን፣ ሳትፈርሙ ይህችን ጠይቁ፦ «ልጁ በሴክሽን 20 ነው የሚመጣው? በጽሑፍ ስጡኝ።» እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት ሕግ ክፍል ነው፤ በእሱ ከመጣ ልጁ በካውንስሉ እንክብካቤ ሥር ነው ማለት ነው። ልጁን አስገቡት፤ ወረቀቱን ግን ለሰኞ አሳድሩት። ሴክሽን 20 ከሆነ እናንተን እስከ 16 ሳምንት በጊዜያዊነት አሳዳጊ አድርገው ማጽደቅ ይችላሉ፣ አበልም ይከፈላችኋል። ኪንሺፕ እና ፋሚሊ ራይትስ ግሩፕ የሚባሉ ድርጅቶች በነፃ ያማክራሉ፤ ያኔ ደውዬ ቢሆን ኖሮ የጠበቃ ብር ባልከፈልኩ። ልጁ እንክብካቤ ሥር እንደነበረ የሚያሳየው ወረቀት ለትምህርት ቤትም ይጠቅማል፤ ከእንክብካቤ ወጥቶ ኤስጂኦ ያገኘ ልጅ በምዝገባ ቅድሚያ አለው፣ ትምህርት ቤቱም በስሙ ተጨማሪ በጀት ያገኛል።

ሶሻል ወርከር ልጅ ይቀማል ብላችሁ የጓደኛን ልጅ ወይም የአክስታችሁ ልጅ የወለደውን ሕፃን በዝምታ ቤታችሁ የምታስቀምጡ ደግሞ አላችሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ሥራው ግን ቀሽም ነው። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ወንድም፣ እህት ወይም እንጀራ እናትና አባት ካልሆናችሁ፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ 28 ቀንና ከዚያ በላይ ስታኖሩ ለካውንስሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው። መደበቅ ያስቀጣል። ልጁ ኋላ ሲታመም ደግሞ ምንም ወረቀት የላችሁም።

ግምገማው ሲመጣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን አታስተርጉሙት። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ እናቷ እንዴት እንደጣለቻት ራሷ ለሶሻል ወርከር ስትተረጉም አይቻለሁ፤ አክስቷ እዚያው ተቀምጣ ቡና ትቀዳለች። «ደህና ነው፣ ይጸልያል፣ ይበላል» ብላችሁም አትሸፋፍኑ። የማይተኛ ከሆነ አይተኛም በሉ፤ የሰበረውን በር አሳዩ። እኛ ልጁ እብድ ነው እንዳይባል ስንሸሽግ እነሱ «ድጋፍ አያስፈልገውም» ብለው ይጽፋሉ።

መልስ ከቀረ በጽሑፍ መደበኛ አቤቱታ አስገቡ። የመጀመሪያው ደረጃ መልስ በ10 የሥራ ቀን፣ ከበዛ በ20 መምጣት አለበት። ካውንስሉ አቤቱታውን ጨርሶም ካላረካችሁ የአካባቢ አስተዳደርና የማኅበራዊ እንክብካቤ ኦምቡድስማን፣ ማለትም በካውንስል ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚመረምር ገለልተኛ አካል አለ፤ በነፃ ነው። የላካችሁትን ኢሜይል ሁሉ አያይዙ።