ጥይቱ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፦ በአሮጌ ሾትጋን ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝም በአሜሪካም ከአያት የተወረሰ ሾትጋን (በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች የሚረጭ ጠመንጃ) ያለው ሰው ብዙ ነው። ጥይቱ ስለገባና መሣሪያው ስለተዘጋ ብቻ ይተኮሳል ብሎ ማሰብ ግን አደጋ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱንና ፍሬዎቹን በያዘው የጥይቱ ቅርፊት፣ ርዝመት ነው። ጥይቱ ላይ የተጻፈው 70 ሚሊ ሜትር፣ ከተተኮሰና አፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለውን ርዝመት ነው የሚያመለክተው። ሳይተኮስ አፉ ታጥፎ ስለሚታሸግ 60 ሚሊ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ብዙዎቹ የድሮ የእንግሊዝ 12 ጌጆች (ጌጅ የቀዳዳው ስፋት መለኪያ ነው) ደግሞ ጥይት ማደሪያቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ጥይቱ ሰተት ብሎ ይገባል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ አፈሙዙ መጥበብ በሚጀምርበት ላይ ተዘርግቶ የእርሳሱን ፍሬዎች መንገድ ያጠብባል። ግፊቱ ይጨምራል። አንዴ በሰላም ቢያልፍ እንኳ መሣሪያውን እያደከመው ይሄዳል። የድሮ የአሜሪካ 16 ጌጅ ያላችሁም ይህን ልብ በሉ፤ ብዙዎቹ ማደሪያቸው አጭር ነው።

ሌላው የጌጅ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፤ ምክንያቱም ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በአፈሙዙ ልክ ስንት ድቡልቡል ጥይት እንደሚወጣ ነው የሚቆጥረው። 12 ጌጅ 18.5፣ 20 ጌጅ ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ጋ እባካችሁ ተጠንቀቁ። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ማደሪያውን አልፎ ወደፊት ይንሸራተትና ይሰነቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት ከኋላው ትክክለኛውን ጥይት ያጎርሳል። ሲተኩስ አፈሙዙ ግራ እጁ አጠገብ ይፈነዳል። ዛሬ 20 ጌጅ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። በድሮ ጥይት ላይ ግን ቀለም አይታመንም፤ ቀለሁ ግርጌ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

መሣሪያው ላይ የተመታውን የፍተሻ ማህተም ብቻ ማመንም ስህተት ነው። የመሣሪያን ጥንካሬ የሚፈትሹት የለንደንና የበርሚንግሃም የፍተሻ ቤቶች ማህተም መሣሪያው በተፈተሸበት ቀን የነበረውን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ አንዱ ማደሪያውን አርዝሞት፣ ሌላው ዝገት ሲያጸዳ ውስጡን ፍቆት ሊሆን ይችላል። የአፈሙዙ ግድግዳ የቱ ጋ እንደሳሳ በዓይን አይታይም።

ብረትና የብረት ቅይጥ ተጠማዝዞ የተሠራ፣ ላዩ ዝንጉርጉር የሆነ ደማስቆ አፈሙዝ ካላችሁ ጥንቃቄው ይብሳል። አብዛኞቹ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ዘመን እንጂ ለዛሬው ባሩድ አይደለም። በእርሳስ ፋንታ የብረት ፍሬ ያለው ጥይትም ለአሮጌ አፈሙዝ አይሆንም።

ከመተኮሳችሁ በፊት ማደሪያውን፣ ቀዳዳውንና የግድግዳውን ውፍረት አሮጌ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ በመለኪያ ይለካላችሁ። ጥይት የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው።