የዶሮ ወጥና የበያይነቱ ፎቶ በስልክ፦ ቀለሙ እንዳይጠፋ

ገበታ ላይ ደማቅ ቀይ የነበረ ዶሮ ወጥ ፎቶ ላይ ጭቃ መስሎ ሲወጣ ብዙ ሰው ስልኩን ይወቅሳል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የብርሃኑ ነው።

ፍላሹን ብቻ ሳይሆን የክፍሉንም አምፖል አጥፉ። የመስኮትና የአምፖል ብርሃን ቀለማቸው ስለሚለያይ ሲቀላቀሉ የእንጀራው አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህንን በኋላ ማረም በጣም አስቸጋሪ ነው። ትሪውን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ብርሃኑ ከጎን ወይም በመጠኑ ከኋላው እንዲመጣ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከጎን የመጣ ብርሃን የእንጀራውን ዓይን አንድ በአንድ ያወጣዋል። ከእናንተ ጀርባ ከመጣ ግን እንጀራው ልሙጥ ይመስላል፣ ጥላችሁም ትሪው ላይ ያርፋል። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ነጠላ ወይም ስስ ነጭ መጋረጃ ጋርዱበት። ከመስኮቱ ትይዩ፣ በትሪው ማዶ፣ ነጭ ካርቶን ብታቆሙ ጥላው ይለዝባል፤ በጣም ካስጠጋችሁት ግን ጥላው ጨርሶ ጠፍቶ ምግቡ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ወጥ ከማውጣታችሁ በፊት ባዶውን ትሪ አስቀምጣችሁ ቦታውንና አቅጣጫውን ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም፤ እንጀራው ጠርዙ ይደርቃል፣ መረቁም ወደ ታች ይሰርጋል። እስክትጀምሩ እንጀራውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት።

ለበያይነቱ ከእያንዳንዱ ወጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። በመካከል እንጀራው ካልታየ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ምስር ወጥና ቀይ ሥር ጎን ለጎን ከሆኑ ፎቶ ላይ ይዋሃዳሉ፤ በመሐላቸው ጎመን ወይም ክክ አልጫ አስገቡ። ሰላጣ ውሃ ስለሚያወጣ፣ ሽሮም ሲቆይ ላዩ ስለሚጋገር ሁለቱን መጨረሻ ላይ አውጡ።

ዶሮ ወጥ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቅቤው ሲበርድ ይረጋና ወጡን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ በትኩሱ አንሱት፣ ከቀዘቀዘም ልታነሱ ስትሉ የቀለጠ ንጥር ቅቤ በማንኪያ ጫፍ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ብልቱንና እንቁላሉን አስቀድማችሁ አስቀምጡ፣ ቁሌቱን ከላይ በጥቂቱ አፍስሱ፣ የተረጨውን በሶፍት ጥረጉ። እንቁላሉን በእርጥብ ቢላ ለሁለት ከፍላችሁ አስኳሉን ወደ ላይ ብታዞሩት ያ ቢጫ የወጡን ቀይነት ያጎላዋል። ወጡ ላይ ሰፊ ነጭ ነጸብራቅ ካያችሁ የመስኮቱ ምስል ስለሆነ ስልኩን ትንሽ ዝቅ ወይም ወደ ጎን አድርጉት። ጭል ጭል የሚለውን ግን አታጥፉት፤ የወጡ ሕይወት እሱ ነው።

አሁን ስክሪኑ ላይ ወጡን ተጭናችሁ ያዙ፤ ፎከሱና የብርሃኑ መጠን ሲቆለፍ የብርሃኑን ማስተካከያ በጣታችሁ እያንሸራተታችሁ አጨልሙ። ካሜራው ጠቆር ያለ ነገር ሲያይ ራሱ ያበራዋል፣ ቀዩም የሚደበዝዘው በዚህ ነው። ትሪው ላይ አይብ ካለ ፍርፋሪው ተለይቶ እስኪታይ ድረስ ዝቅ አድርጉ፤ ነጩ ከመጠን በላይ በርቶ ዝርዝሩ ከጠፋ በኋላ አይመለስም።

በያይነቱ ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ቁመት ያላቸው፣ እንደ ሸክላ ጥብስና የተቆለለ ፍርፍር ያሉት ግን ከ45 ዲግሪ ገደማ ያምራሉ። በሁለቱም ስልኩን አታስጠጉ፤ ሰፊው ሌንስ በቅርብ ሲሆን ወደ እሱ ያለውን ጠርዝ ይለጥጠዋል። ራቅ ብላችሁ 2× (ሁለት እጥፍ ማቅረቢያውን) ተጠቀሙ። ጀርባውን የሚያደበዝዘው ፖርትሬት ሞድ የተጠቀለለ እንጀራን ጠርዝ አብሮ ስለሚያደበዝዝ ለትሪ አይመከርም። ጥብስ እየጨሰ ከሆነ ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር አድርጉና ብርሃኑን ከኋላ አምጡ፤ እንፋሎቱ የሚታየው ያኔ ነው። ሌንሱን በየመሐሉ ጥረጉ፣ እንፋሎትና የቅባት ጣት ፎቶውን ጉም ያስመስሉታል።

ስታስተካክሉ ፊልተር ይቅርባችሁ። የቀለም ድምቀቱን ስትጨምሩ የበርበሬው ቀይ አንድ ወጥ ቀለም ይሆንና የሽንኩርቱ ቁሌት አይለይም። ጥላ ያረፈበትን ክፍል ብቻ በጥቂቱ አብሩ፣ የቀለሙን ሙቀትም (ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን) አይቡ ነጭ እስኪሆን ድረስ አስተካክሉ።