የባህር ዳርቻ ስትመርጡ ፎቶውን ተዉትና ወሩን እዩ

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ፎቶ ላይ ደግሞ የማያምር ባህር የለም። እናንተ ከወሩ ጀምሩ። የካሪቢያን የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው፤ ያኔ ቲኬት ቢረክስ አይግረማችሁ። ታይላንድ ብትሄዱ እንኳን ፉኬት ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናብና ማዕበል ይበዛባታል፣ በሌላው ጎን ያለችው ኮ ሳሙይ ግን ዋናው ዝናቧ የሚመጣው ወደ ዓመቱ መጨረሻ፣ ኖቬምበር አካባቢ ነው።

ከዚያ ውሃው። በዛንዚባር ምሥራቅ ዳርቻ፣ ለምሳሌ ፓጄ፣ ባህሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ይሄዳል። የዋና ልብስ ለብሳችሁ ስትወጡ የሚጠብቃችሁ እርጥብ አሸዋና መሬት ላይ የተቀመጠች ጀልባ ሊሆን ይችላል። ለእግር ጉዞ አሪፍ ነው፣ ለዋና ግን አይሆንም። መዋኘት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለው ኑንግዊ ይሻላል።

ልጆች ካሉ የነፍስ አድን ሠራተኛ ያለበትን ምረጡ፤ በብዙ አገር ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ በሆኑ ሁለት ባንዲራዎች መካከል ነው የሚዋኘው።

ሆቴሉ «ባህር አጠገብ ነን» ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ የሳተላይት ካርታ ከፍታችሁ መሃል ላይ አስፋልት አለ ወይስ የለም የሚለውን በዓይናችሁ እዩ።