ያለ ስንዴ ዳቦ በቤት፦ ከባቢሌ ኦቾሎኒ፣ ከተልባና ከእንቁላል

ለድሬ ሰው ዳቦ ተው ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በባቡር ጣቢያ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ማለዳ ከፉርኖ ቤት የሚወጣው ሽታ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከከዚራ ሰፈር መጋላ ይደርሳል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ሐረርም ቢሆን ያው ነው። ፉል ያለ ዳቦ ማን ይበላል?

ግን ስኳር ያለበት ሰው በየቤቱ አለ። ስንዴ የማይስማማውም አለ። እነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ አዘገጃጀት ሲፈልጉ የሚያገኙት የአልመንድ ዱቄት፣ የኮኮናት ዱቄት ነው። ሁለቱም ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ሲገኙም ዋጋቸው አይቀመስም። አቦ፣ እኛ እኮ ባቢሌ አጠገብ ነን! የአገሩ ምርጥ ኦቾሎኒ ከሐረር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይበቅላል። የአልመንዱን ሥራ በደንብ ይሠራል። ከተልባና ከእንቁላል ጋር ሲሆን ተቆርሶ የሚበላ፣ ቅርጹን የያዘ ዳቦ ይወጣዋል።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ

«ግሉተን የሌለው» እና «ካርቦሃይድሬት የቀነሰ» አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ግሉተን በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሊጡን የሚለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ የላቸውም። ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለበት ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ያለ ችግር ይበላል። በሶ ግን ገብስ ነው፤ አይሆነውም። ላሆህ የሚባለው ስስ ቂጣና የገበያ እንጀራም ስንዴ ወይም ገብስ ተቀላቅሎባቸው ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁ አይብሉ።

ወደ ካርቦሃይድሬት ስንመጣ ግን ጤፍም ከስንዴ ብዙ አይለይም። 100 ግራም የስንዴ ዱቄት 75 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ጤፍ 73፣ ማሽላና በቆሎም እዚያው አካባቢ ናቸው። ስለዚህ «ስኳር አለብኝ፣ የጤፍ ዳቦ ልብላ» የሚለው ሐሳብ ያሰቡትን ያህል አያተርፍም። ኦቾሎኒ በ100 ግራም 16 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ ከዚያም ግማሹ ያህል የማይፈጭ አሠር ነው። ተልባ ደግሞ 29 ግራም ቢኖረውም 27ቱ አሠር ነው። የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ነገር የለውም ማለት ይቻላል።

ሦስት ማሳሰቢያ ጣል አድርጌ ልለፍ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ዳቦና እንጀራውን በአንዴ ሲቀንስ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ሴሊያክ ይኖርብኛል ብሎ የሚጠረጥር ደግሞ ከምርመራው በፊት ስንዴ አያቁም፤ ካቆመ ምርመራው ላያሳይ ይችላል። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህ ዳቦ ጭራሽ አይጋገር።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአንድ መካከለኛ ዳቦ፣ ወደ 14 ቁራጭ የሚወጣው፦

ተለቅሞ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ 250 ግራም ኦቾሎኒ (በውሃ ብርጭቆ ሁለት፣ ከትንሽ ጭማሪ ጋር)
80 ግራም የተፈጨ ተልባ (ሦስት ሩብ ብርጭቆ)
5 የፈረንጅ እንቁላል፣ ወይም 7 የሐበሻ
ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ
ቤኪንግ ፓውደር፦ ድሬ ላይ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ሐረር ላይ 1 ተኩል
1 የሻይ ማንኪያ ጨው
1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
ጥቁር አዝሙድ እንደ ፍላጎት፣ ከላይ ለመነስነስ ጥቂት ሰሊጥ

እርሾ የለም። እርሾ አየር ይፈጥራል፤ ያንን አየር አፍኖ የሚይዘው ግን ግሉተን ነው። እዚህ የሚይዝልን ስለሌለ እርሾ ቢጨመር ትርፉ ሽታ ብቻ ነው። የማያያዙን ሥራ ተልባና እንቁላል ይሠሩታል፤ የማንሳቱን ቤኪንግ ፓውደር።

የቤኪንግ ፓውደሩ ልክ በከተማው ለምን ተለያየ? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,850 አካባቢ። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ አረፋው ቶሎ ያብጣል። ከመጠን በላይ ያበጠ ሊጥ ደግሞ ሳይደርቅ መሐሉ ይሰምጣል። ከድሬ ዘመድ የተቀበሉትን ልክ ሐረር ላይ እንዳለ መጠቀም የማያዋጣው ለዚህ ነው። የቤኪንግ ፓውደሩን ማሸጊያም ያንብቡ፤ አንዳንዱ የስንዴ ስታርች አለው።

ኦቾሎኒውን መልቀም

ከሁሉም ጊዜ የሚወስደውም፣ ችላ ሊባል የማይገባውም ይህ ነው። ኦቾሎኒ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል። ከሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ጉበት ይጎዳል። መጋገርም ሆነ መቁላት ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ መከላከያው ዓይንና እጅ ነው።

ቢቻል ከነቅርፊቱ ያለውን ይግዙ። ቀፊራ ገበያም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ተፈልፍሎ በጆንያ አፍ የተከመረው ይቀልላል፤ እዚያ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ግን ሻጩም አያውቅም። ፈልፍለው ሰፌድ ላይ ያፍስሱት፤ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠው አንድ በአንድ ይልቀሙ። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ዱቄት ያለበት፣ የተሰበረና የተነቀዘ ይጣል። ለዶሮም አይሰጥ። ሲቀምሱት የሚመርረውንም ተፍተው አፍዎን ይጉመጥመጡ። 250 ግራም የተጣራ እንዲወጣ 350 ግራም ገደማ ፍልፍል ይዘው ቢጀምሩ አይጎድልብዎትም።

መቁላትና መፍጨት

ብረት ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት፣ እያማሰሉ፣ ቀይ ልጣጩ መላቀቅ እስኪጀምር ብቻ ይቁሉ። ለቡና ቁርስ እንደሚቆላው እንዳይበስል። ጠቆር ካለ ዳቦው ይመርራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይወጣል። ከዚያ በእጅ አሽተው ልጣጩን ያንፍሱ።

አሁን ትዕግሥት። በደንብ ይቀዝቅዝ። ከተቻለ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቆይ። የድሬ ቀትር ላይ ሞቅ ያለ ኦቾሎኒ ጁስ መፍጫ ውስጥ ከገባ ዱቄት ሳይሆን ቅባት ነው የሚሆነው፤ ዳቦ ላይ መቀባት ይቻላል፣ ዳቦ ግን አይወጣውም። ማሽኑን ለጥቂት ሰከንድ አስነስቶ ማጥፋት፣ ነቅነቅ አድርጎ እንደገና ማስነሳት። በአንዴ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ከተልባው ጥቂት አብረው ቢጨምሩ ዘይቱን ስለሚመጥ መለጠፉ ይቀንሳል። በወንፊት ነፍተው የቀረውን ሻካራ መልሰው ይፍጩ። መብራት ከሄደም ሙቀጫ አለ፤ ትንሽ ሻካራ ይሆናል እንጂ ጣዕሙ አይከፋም።

ተልባውን ለመጠጥ እንደሚደረገው አይቁሉት፤ ጥሬው የተሻለ ያያይዛል። ጠጠርና አፈር ስለማይጠፋው መልቀሙ እንዳይረሳ። የተፈጨ ተልባ ሙቀት ላይ ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይፍጩ።

ወፍጮ ቤት ወስጄ ላስፈጭ የሚል ካለ፣ ቅባቱ ድንጋዩን ስለሚያሽገው ባለወፍጮውም አይቀበልዎትም። ቢቀበልም ያው ወፍጮ ስንዴ ሲፈጭበት ነው የዋለው፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ያች ብናኝ ትበቃለች። ቤት ውስጥም ስንዴ የተነፋበት ወንፊት ለዚህ አይሁን። ሌላ መግዛት ነው።

ማዋሃድ

ማቡካት የሚባል ነገር እዚህ የለም። መጀመሪያ ኦቨኑን ወደ 175 ዲግሪ ያሙቁ፤ መጋገሪያውን ቅቤ ወይም ዘይት ቀብተው ወረቀት ያንጥፉበት።

ኦቾሎኒ፣ ተልባ፣ ጨው፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጥቁር አዝሙድ በደረቁ ይቀላቅሉ። በሌላ ዕቃ እንቁላሉን ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይምቱ፤ ነጣ ብሎ አረፋ እስኪሞላ። ዳቦው ውስጥ የሚገባው አየር ግማሹ ከዚህ ነው፤ አይሰንፉ። ሎሚውንና ውሃውን ይጨምሩበት። ከዚያ ደረቁን በማንኪያ ከታች ወደ ላይ እየገለበጡ ያዋህዱት።

አምስት ደቂቃ ይረፍ። ተልባው ውሃ ጠጥቶ ይወፍራል። መጨረሻው ከእንጀራ ሊጥ የወፈረ፣ ከማንኪያ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት። ከጠነከረ አንድ ማንኪያ ውሃ፣ ከቀጠነ አንድ ማንኪያ ተልባ። ከአምስት ደቂቃው በላይ ግን አያቆዩት፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ሥራውን ከእሳት ውጪ ይጨርሳል።

መጋገር

ወደ መጋገሪያው ይገልብጡ፣ በእርጥብ እጅ ላዩን ያስተካክሉ፣ ሰሊጥ ይነስንሱ። ድሬ ላይ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፤ ሐረር ላይ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። ሐረር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የዳቦው መሐል ለመድረቅ ትንሽ ይዘገያል። መጀመሪያዎቹን 30 ደቂቃ ኦቨኑን እንዳይከፍቱ። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል ያድርጉበት። መሐሉ ላይ ቀጭን እንጨት ሲወጉ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

ኦቨን ለሌለው፣ ክብ የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ይሠራል። ስለሚሰፋና ስለሚሳሳ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። በከሰልም ይቻላል፦ ወፍራም ድስት ውስጥ ሦስት ትናንሽ ድንጋዮች አስቀምጠው መጋገሪያውን በላያቸው ያሳርፉ፣ በብረት ክዳን ይግጠሙ፣ ፍሙን ከታች ጥቂት፣ ከክዳኑ ላይ ብዙ። ኦቾሎኒ ከስንዴ ቶሎ ስለሚያር የታችኛው እሳት ከበዛ ጉድ ነው። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ላይ ኦቨን በቀን ማስነሳት ራስን አብሮ መጋገር ስለሆነ፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቶ መጨረስ ይሻላል።

ሲወጣ አሥር ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ አውጥተው ከሥሩ አየር የሚያገኝበት ነገር ላይ ያሳርፉት። ቢያንስ አንድ ሰዓት። በትኩሱ ከተቆረሰ ይፈረፈራል፣ ውስጡም ያልበሰለ ይመስላል። ልጆች ካሉ ደብቁት።

ካልተሳካ

መሐሉ ከሰመጠ፣ ወይ ቤኪንግ ፓውደር በዝቷል ወይ ቀድሞ ወጥቷል። ታችው ዘይት ከተፋ ኦቾሎኒው ከመጠን በላይ ተፈጭቷል። የሚፈረፈር ከሆነ ተልባው አንሷል። እንቁላል እንቁላል ካለ ሎሚውንና ጥቁር አዝሙዱን ጨመር ያድርጉ፤ ኮረሪማ ቢገባበትም ያምርበታል። ከስንዴ ዳቦ ከፍታው ማነሱና ቀለሙ መጥቆሩ ግን ጥፋት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።

አቀማመጥና አበላል

ድሬ ሙቀት ላይ ውጪ ከአንድ ቀን በላይ አያድር። ፍሪጅ ውስጥ ተሸፍኖ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። ቆራርጦ ፍሪዘር ማስገባት ደግሞ ይበልጥ ይመቻል፤ የሚፈልጉትን ቁራጭ ብቻ አውጥተው ብረት ምጣድ ላይ ጠበስ ማድረግ ነው።

አንዱ ቁራጭ አሠሩ ሲቀነስ 2 ግራም የማይሞላ ካርቦሃይድሬት ነው ያለው። ካሎሪው ግን ወደ 160 ይጠጋል፤ ኦቾሎኒ ቅባት ነውና። «ካርቦሃይድሬት የለውም» ተብሎ ግማሽ ዳቦ ቁጭ ብሎ የሚጨርስ ሰው ክብደቱ ቢጨምር አይገረም። ሁለት ቁራጭ ቁርስ ይሆናል፤ ሦስት ከበላሁ ምሳ አልፈልግም።

ከእንቁላል ፍርፍር፣ ከአቮካዶ፣ ከቲማቲም ስልስ ጋር ይሄዳል። ከፉል ጋርም፤ ግን ባቄላው ራሱ ካርቦሃይድሬት ስላለው ስኳር ያለበት ሰው ሳህኑን ያሳንሰው። ሐረር ለሆነ ደግሞ ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላው ሆጃ ያለ ስኳር፣ ጨው ጣል ተደርጎበት።